መጨረሻ የሚወርደው ሾፌር

አማቴ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ የወጡት ግን በወረቀት ብቻ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ካለችው ክፍላቸው መስኮት አሮጌው የአውቶቡስ ጋራዥ ወለል ብሎ ይታያል። ጠዋት ጠዋት ሻያቸውን ይዘው ይቆሙና የሚወጣውን ሾፌር ሁሉ ያብጠለጥላሉ። «ይሄን ተመልከተው፤ መሪውን እንደ ሊጥ ነው የሚያሸው» ይሉኛል። ከዚህች መስኮት የሚበልጥባቸው ነገር የለም።

አምፖል ሊቀይሩ በርጩማ ላይ ወጥተው የወደቁ ቀን አጥንታቸው ተረፈ፣ ወኔያቸው ግን ተሰበረ። ደረጃ መውረድ ተዉ። ከወንበር ለመነሳትም የጠረጴዛ ጠርዝ መጨበጥ ጀመሩ። ያለቻቸው አንድ ልጅ ባለቤቴ ናትና ቁርጡን ነገረቻቸው።

«አባዬ፣ በወሩ መጨረሻ ያለ እጅ ድጋፍ ከወንበር ካልተነሳህ እቃህን ጭኜ እኛ ቤት ነው የማመጣህ።»

የኛ ቤት መስኮት የሚያየው የጎረቤትን ግድግዳ ነው። እኔም አማቴን እንደ ዓይኔ ብሌን ብወዳቸውም፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ያለችው ወንበሬ የማን እንደምትሆን ወዲያው ገብቶኛል።

የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ለአረጋውያን እንቅስቃሴ የሚያሠራበት አዳራሽ አለው፤ ደረጃውን ደግፌ እያወረድኩ ወደዚያ እወስዳቸው ጀመር። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ወንበሮቹን ክብ አድርጋ ደርድራ፣ እጅን ደረት ላይ አጣምሮ መነሳትና መቀመጥ ታዛለች። የመጀመሪያው ቀን አማቴ አኮረፉ። «የረባሽ ተማሪ ቅጣት ነው» አሉኝ መንገድ ላይ። በማግስቱ ግን ቀድመን እንድንገባ አጣደፉኝ። ወንበሮቹን ሁለት ሁለት አድርገን ከፊት ወደ ኋላ ደረደርን፣ መሃል መተላለፊያ ተውን። ከሁሉም ፊት አንዲት ወንበር ለብቻዋ ቆመች፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ የጢም መላጫ መስታወታቸውን ሰቀሉ።

«ምንድን ነው ይሄ፣ አባባ?» አለች ባለሙያዋ።

«ግቢ ልጄ፣ ልንነሳ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ያን አዳራሽ ማን ያቁመው። ኩርባ ሲመጣ ሁሉም ያጋድላል፣ ዳገት ሲሆን ጉልበት ወደ ላይ ይነሳል፣ ወደ ኋላ ሲነዳ አንገት ይዞራል። ፌርማታ ላይ «ወራጅ አለ» ይባልና ተሳፋሪው እጁን አጣምሮ ብድግ ይላል፣ መልሶ ቁጭ ይላል። አንዲት ጡረተኛ ልብስ ሰፊ በየፌርማታው «አሳለፍከኝ እኮ» እያሉ አማቴን ይጣሏቸዋል። ባለሙያዋ ረዳት ሆና በር ትከፍታለች። እኔ አድርሻቸው ልመለስ የሄድኩት ሰውዬ ተሳፍሬ ቀረሁ። እንደዚያ የሳቅሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

የወሩ መጨረሻ ደረሰና ባለቤቴ መጣች። ልጅ እያለች ከትምህርት ቤት መልስ አባቷ አውቶቡስ ላይ እንደምትቀመጠው፣ ከሁሉም ኋላ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። አማቴ ኩርባውንም ዳገቱንም አሳምረው ነዱት። በመጨረሻ «መጨረሻ ፌርማታ ነው፣ ሁላችሁም ውረዱ» አሉ።

ተሳፋሪው እጁን እያጣመረ ተነስቶ ወረደ። እኔም ወረድኩ። ልብስ ሰፊዋ በሩ ላይ ቆመው ዞሩ። አማቴ ግን ከወንበራቸው ንቅንቅ አላሉም።

«አባዬ፣ ተነስ እንጂ» አለች ባለቤቴ ከኋላ።

«ቆይ።»

ቆየች። እሳቸውም ቆዩ። የባለቤቴ ዓይን እንባ ሞላ፤ እኔም ወንበሬን በልቤ ተሰናበትኳት።

«በቃ፣ አትጨነቅ አባዬ። ነገ እቃህን እናመጣለን።»

አማቴ ሳይዞሩ በመስታወቱ አዩዋት።

«የኔ ልጅ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ተሳፋሪ አውቶቡስ ውስጥ ትቼ ወርጄ አላውቅም።»

«ማን ቀረ? ሁሉም ወርዷል እኮ።»

«አንቺስ?»

ባለቤቴ እንባዋን ጠረገች። ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ የፊቷን ወንበር ተደግፋ ተነሳች።

«ኧረ እሷ በእጇ ተደገፈች» አሉ ልብስ ሰፊዋ።

አማቴ በመስታወቱ ከፊት እስከ ኋላ አዩ፤ የቀረ የለም። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው፣ ምንም ሳይነኩ ቀጥ ብለው ቆሙ። በሩ ጋ የነበረው ሁሉ በጭብጨባ አዳራሹን አናወጠው።

ባለቤቴ ግን ወደ በሩ አልመጣችም። ተመልሳ የኋላው ወንበር ላይ ተቀመጠችና ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደረገች።

«አንድ ዙር ጨምርልኝ፣ አባዬ» አለች።

አማቴ ቁጭ አሉና መስታወታቸውን አስተካከሉ።