ድፍጥጥ በነጭ ሳህን

እታለም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ትራፊ ስትገፋ ኖራለች። ስሟ ግን እታለም አይደለም። ከእሷ በፊት እዚያ ሳህን ያጥብ የነበረ የሀገሯ ልጅ፣ «እታለም፣ ሙቁ ውሃ በግራ ነው፤ እታለም፣ እጅሽን እንዳትቃጠዪ» እያለ ሥራ ሲያለማምዳት ወጥ ቤቱ ሁሉ ሰምቶ ስሟ መሰለው። ልጁ ሥራውን ለቆ ሄደ፣ ስሙ ተጣብቆባት ቀረ። ሼፉም አስተናጋጁም፣ አትክልት የሚያራግፈው ሹፌር ሳይቀር እታለም ይሏታል። እህቴ እያሉ እንደሚጠሯት አንዳቸውም አያውቁም። እሷም አላረመቻቸውም። በሰው ሀገር ማን በነጻ እህቴ ይልሻል?

ምግብ ቤቱ ስመ ጥር ነው። ወንበር ለመያዝ ሦስት ሳምንት ቀድሞ መደወል ያስፈልጋል። ሰው ሦስት ሳምንት ጠብቆ የሚበላውን ነገር ብታዩት! ትሪ የሚያክል ነጭ ሳህን ይመጣል። መሀሉ ላይ የሕፃን አውራ ጣት የምታክል ዓሣ ትቀመጣለች። ዳር ላይ አንድ ማንኪያ አረንጓዴ ነገር፣ ቀለም ቀቢ ግድግዳ ላይ እንደሞከረው ተጎትቶ ይቀራል። ከላይ ደግሞ አረፋ። አዎ፣ አረፋ! እታለም መጀመሪያ ያየች ቀን ሳህኑ ሳሙናው ሳይለቅ የወጣ መስሏት፣ «ኧረ በሽታ ታስይዛላችሁ!» ብላ ከአስተናጋጁ እጅ ነጥቃ ውሃ ለቀቀችበት። ዓሣዋም አረፋውም በቧንቧው ሄዱ። ሼፉ ጮኸ፣ ግንባሩን ያዘ፣ በኋላ ግን ጠጋ ብሎ «እኔም ሳሙና ነው የሚመስለኝ» አላት በጆሮዋ። ወዳጅነታቸው የጀመረው ያን ቀን ነው።

ይሄ ሁሉ ጌጥ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ተመጋቢው የማያውቀው ይህንን ነው። ወደ አዳራሹ ሲገባ አበባ የነበረው፣ በአጣቢዋ መስኮት ሲመለስ ትፋት ነው። አረፋው ሟሙቶ ለሃጭ ይሆናል። ታኝኮ ያልተዋጠ ሥጋ በሰላጣ ቅጠል ሥር ተደብቆ ይገኛል፤ ያ ሁሉ ሽክ ያለ ሰው እንደ ሕፃን ይደብቃል። የከንፈር ቀለም የተጠረገበት ናፕኪን ስጎ ውስጥ ተነክሮ ይመጣል። እታለም ሳህኑን በግራ እጇ ዘንበል፣ በቀኟ በላስቲክ መግፊያው ገፋ፣ ትራፊው ባልዲው ውስጥ ጧ! ኤዲያ! ዘጠኝ ዓመት ሰምታው ያን ድምፅ አልለመደችውም።

ከሁሉ የሚያንገበግባት ሌላ ነው። ባልዲውን ልትደፋ በጓሮ በር ስትወጣ፣ ግማሽ ሳህን ጥለው የወጡት እነዚያው ከረባታሞች፣ ጥግ ላይ ካለችው ኪዮስክ የተጠበሰ ድንች በወረቀት ገዝተው፣ ቆመው፣ እፍ እፍ እያሉ ሲጎርሱ ታገኛቸዋለች።

«ታዲያ ምናለ መጀመሪያውኑ እዚህ ብትመጡና እኔንም ባታደክሙኝ!» ትላቸዋለች በራሷ ቋንቋ። የመረቀቻቸው መስሏቸው ፈገግ ብለው አንገታቸውን ዝቅ ያደርጉላታል።

ለሠራተኛው ከአዳራሹ የተረፈው ንጹሕ ምግብ በምሳ ሰዓት ይታደላል። ሌሎቹ ይሻሙበታል። እታለም ግን አንድም ቀን አፏ አላስገባችም። የራሷን በላስቲክ ዕቃ ይዛ ትመጣለች፤ ድፍጥጥ።

ስሙን ያወጣችው ራሷ ናት። ድንች ይቀቀላል፣ በሹካ ይደፈጠጣል። ሽንኩርት በዘይት እስኪጠቁር ይቁላላል፣ ቃሪያ ይከተፋል፣ ጨው ጣል ይደረጋል። የትናንት ዳቦ ይሰነጠቅና ውስጡ ይጠቀጠቃል። የዛሬ ዳቦ አይሆንም፣ ይላቁጣል። አንድ ነገር ደግሞ አለ፦ ዳቦው ከመሞላቱ በፊት ቅርፊቱ ድንቹ በተቀቀለበት ትኩስ ውሃ ውስጥ ገባ ወጣ ይደረጋል። ምስጢሩ እሱ ነው። ያቺ አንዲት ንክር ከሌለች ድፍጥጥ ተራ ድንች በዳቦ ነው።

ሼፉ በየቀኑ ከምሳ ጥድፊያ በፊት ያንን ረጅም ነጭ ቆቡን አውልቆ ጓሮ ይመጣና የአትክልት ሳጥን ገልብጦ ይቀመጣል።

«እታለም፣ አለ?»

«አለ፣ ሼፍ። ያን ሁሉ ምግብ እያበሰልክ ጦምህን ትውላለህ እንዴ?»

«እሱማ ምግብ ነው ብለሽ ነው?» ይላታል፣ እጁን እየዘረጋ። ግማሹን ትቆርስለታለች። ግድግዳ ላይ ሦስት ሜዳሊያ የሰቀለ ሰውዬ ድፍጥጥ ሲበላ ዓይኑን ይጨፍናል። ሲጨርስ «ለማንም እንዳትናገሪ» ብሎ ቆቡን ደፍቶ ወደ አረፋው ይመለሳል።

ድፍጥጥ የተፈጠረው ለልጇ ነበር። ባሏ ጥሏት በሄደ ዓመት ቤት ውስጥ ከድንችና ከደረቀ ዳቦ በቀር የሚላስ የሚቀመስ ጠፋ። ትንሿ ልጅ የእናቷን ጭንቀት ከየት ታውቀዋለች? ድፍጥጧን ጨርሳ ሳህኑን በጣቷ ዙሪያውን ጠርጋ ትልሰው ነበር። አምስት ዓመት ሲሆናት እናቷ ለራሷ ታላቅ እህት ሰጥታት ከሀገር ወጣች። አሁን ልጅቱ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ በስልክ የምታወራው ሁሉ በአንድ ነገር ያልቃል።

«እማዬ፣ ስመጣ መጀመሪያ ድፍጥጥ ነው አይደል የምትሠሪልኝ?»

«ሌላ ምን ልሠራልሽ፣ እናቴ! ድፍጥጥ ነዋ!»

ልጅቱን ለማምጣት የቀረው አንድ ወረቀት ነበር። አሠሪዋ «ይህች ሴት ቋሚ ሠራተኛዬ ናት፣ አውቃታለሁ» ብሎ የሚፈርምበት ደብዳቤ። ልጅቱ አሥራ አምስት ዓመት ከሞላት ግን ጉዳዩ ወደ ሌላ መስኮት ይዛወራል፤ ወደዚያ መስኮት የተዛወረ ጉዳይ ደግሞ ስንት ዓመት እንደሚተኛ የሚያውቅ የለም። ለልደቷ የቀረው ሁለት ወር ነው።

የምግብ ቤቱን ባለቤት እታለም በልቧ «ሽቶው» ትለዋለች፤ ሰውዬው ከመድረሱ በፊት ሽታው ስለሚደርስ። አንድ ቀን ከሰዓት፣ አዳራሹ ባዶ ሲሆን፣ እጇን በሽርጧ እያደራረቀች ቀረበችው።

«ጌታዬ፣ አንድ ወረቀት እንዲፈርሙልኝ ነበር።»

አነበበው። «ዘጠኝ ዓመት! አይገርምም? ለመሆኑ የቤታችንን ምግብ ቀምሰሽ ታውቂያለሽ?»

«አልቀመስኩም፣ ጌታዬ።»

«ያልቀመስሽውን ቤት ሰው ነሽ ብዬ እንዴት እፈርማለሁ? ተቀመጪ!» አለና አጨበጨበ።

ከነእርጥብ ሽርጧ ከሐር ወንበር ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ዓሣዋ ከነአረፋዋ መጣች። እታለም «ለልጄ ስል» ብላ ዓይኗን ጨፍና ዋጠች፤ አረፋው ምላሷ ላይ ፍስስ ብሎ ጠፋ፣ ጣዕሙ ግን እንደ መድኃኒት ቆየ። ሁለተኛው አፈር የሚመስል ጥቁር ዱቄት የተነሰነሰበት ቀይ ሥር ነበር። እሱንም ዋጠች። ሦስተኛው በዛጎል ውስጥ መጣ፤ ቀዝቃዛ፣ ግራጫ፣ ሲነኩት የሚርገበገብ፣ ጉንፋን የያዘው ሕፃን አፍንጫ ላይ ያለውን ነገር ቁርጥ! ሽቶው «አይታኘክም፣ እንዲሁ ልቀቂው» አላት። ለቀቀችው። ጉሮሮዋ ድረስ ሄዶ፣ እዚያ ቆሞ፣ ተመልሶ መጣ። የቤቱ ስም በተጠለፈበት ናፕኪን ላይ እንትፍ!

እታለም ናፕኪኑን ጨብጣ የልጇን ፊት አሰበች፤ በአንድ እንትፍታ ዘጠኝ ዓመት የደከመችበትን አፈር ያበላችው መሰላት።

«ይሄን የጠላሽ አንቺ ታዲያ የምትበዪው ምንድን ነው?» አለ ሽቶው፣ ፊቱ ቀልቶ።

«ድፍጥጥ» አለ ሼፉ ከኋላ። አመለጠው። እጁን አፉ ላይ ቢጭንም ቃሉ ወጥቷል።

የላስቲክ ዕቃው መጣ። ሽቶው በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ ቀመሰ፣ ቆመ፣ ደገመ። እሱም ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው ግን ሌላ ዓይን ነበር፤ ገበያተኛ ዓይን።

«ይሄ ሜኑ ላይ ይገባል።»

«ጌታዬ፣ ይሄ እኮ የቸገረው ሰው ምሳ ነው።»

«እሱን ለእኔ ተዪው።» ወረቀቷን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተታት። «ለሼፉ አስተምሪው፣ እፈርማለሁ።»

አስተማረችው። ድንቹን፣ ሽንኩርቱን፣ ቃሪያውን፣ የትናንቱን ዳቦ፣ ሁሉንም አሳየችው። ንክሯን ግን ዋጥ አደረገቻት። ይቺን እንኳ ለእኔና ለልጄ፣ አለች በሆዷ። ሽቶው ሼፉ የሠራውን ቀመሰና ሳህኑን ገፋው።

«ይሄ አይደለም። አንድ ነገር ጎድሎታል» አለ እታለምን እያየ። ደረት ኪሱን መታ መታ አደረገ። «ወረቀትሽም ፊርማ ጎድሎታል።»

አይ ሰው! ያቺን አሽሙር የሰማ ሰው ከዚያ በላይ ስለ ሽቶው ምን ይነገረዋል? እታለም ሦስት ቀን አፏን ዘግታ ትራፊ ገፋች። በአራተኛው ቀን ልጇ ደወለች።

«እማዬ፣ ወረቀቱ ምን ሆነ? አክስቴ ‹ልደትሽ ሳይደርስ ካልመጣ ቀረ በዪው› አለችኝ። እውነቷን ነው?»

በማግስቱ ሼፉ ፊት ቅርፊቱን ትኩሱ ውሃ ውስጥ ገባ ወጣ አደረገችው። ሼፉ አንዴ አየና ጫማውን ማየት ጀመረ። «ይቅርታ፣ እታለም» አላት። «ምን ታደርግ» አለችው። የዚያኑ ዕለት ተፈረመ።

ድፍጥጥ አዳራሽ ገባች። ስሟንም ቀየሩላት፤ «የመሬት ትዝታ»! እንዲህ ያለ ነገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ዳቦዋ የክብሪት ቀፎ አከለች፣ ቃሪያዋ አንድ ክር ሆነች፣ ድንቹ የተቀቀለበት ውሃ ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ አረፋ ተደርጎ ከላይ ተደፋባት። ቅርፊቷ ግን በደንብ ተነክሯል፤ ሼፉ ሥራውን አያበላሽም። በየቀኑ ሃያ ሠላሳ ሳህን ይወጣል፣ ሃያ ሠላሳው ተነክሶ፣ ተቆንጥሮ፣ ሲጋራ መተርኮሻ ሆኖ ይመለሳል። እታለም ዘንበል፣ ገፋ፣ ጧ! የልጇን ምግብ በገዛ እጇ ባልዲ ውስጥ። ከዚያ ወዲህ ምሳዋን ይዛ መምጣት ተወች። ሽንኩርቱ ሲቁላላ ገና ያጥወለውላት ጀመር። ሼፉም ጓሮ አይመጣም፤ የገለበጠው ሳጥን እዚያው ዝናብ ይመታዋል።

ብቻ ወረቀቱ ሠራ። ልጅቱ ልደቷ ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው መጣች።

እታለም በዚያ ጠዋት ማቅለሽለሿን ጥርሷን ነክሳ ቻለችና ቤቷ ድፍጥጥ ሠራች። ትልቅ፣ እንደ ድሮው፣ ከነሳህኑ በጨርቅ ጠቅልላ፣ እንዳይቀዘቅዝ በትራስ ሸፍና። ልጇን ተቀብላ ገና በቅጡ አቅፋ ሳትጠግብ ግን ስልኳ ጮኸ። ሽቶው ነው። «የመጀመሪያ ምሳዋ በእኔ! ፎቶ አንሺም ጠርቻለሁ። ደግሞ አንቺ ሥራ ግቢ፣ ሌላዋ አጣቢ ቀርታለች።» እንቢ ማለት ነበረባት። አላለችም። የፈረመ ሰው እንቢ አይባልም ብላ ፈራች፤ ዘጠኝ ዓመት ፍርሃት በአንድ ቀን አይለቅም።

እናም ልጅቱ አዳራሹ ውስጥ፣ የሐር ወንበሩ ላይ፤ እናቷ በሳህን መስኮቱ ጀርባ፣ እስከ ክርኗ ሳሙና ውስጥ። እታለም አጎንብሳ በመስኮቱ አየች። ነጩ ሳህን ቀረበ። «ትጠላዋለች» አለች እታለም፣ ደስ እያላት። «ገፋ ታደርገውና ‹እማዬ፣ ወደ ቤት› ትለኛለች።»

ልጅቱ ጎረሰች። ቆመች። ዓይኗን ጨፈነች።

«እማዬ!» ብላ ጮኸች፣ አዳራሹ ሁሉ ዞሮ እስኪያያት። «ራሱ ነው! ራሱ ድፍጥጥ!»

ፎቶ አንሺው ቀጭ አደረገ። ሽቶው ወደ መስኮቱ ዞሮ «ምን አለች?» አላት።

እታለም በመስኮቱ ብቅ አለች። «ቆንጆ ነው አለች፣ ጌታዬ።»

ልጅቱ ሁለተኛ ሳህን አስመጣች፣ ሦስተኛም። ሦስቱም በመስኮቱ ተመለሱ። ዘንበል የሚደረግ፣ የሚገፋ ምንም አልነበረባቸውም። ዙሪያቸውን የዞረ የጣት ምልክት ብቻ። እታለም አንደኛውን ይዛ ብዙ ቆየች፣ ከዚያ ውሃ ለቀቀችበት።

አመሻሽ ላይ ቤት ሲገቡ እናት ትራሱን አነሳች፣ ጨርቁን ፈታች። ድፍጥጡ ቀዝቅዞ ዘይቱ ነጭ ሆኖበታል።

«ውይ እማዬ፣ ጠግቤያለሁ» አለች ልጅቱ፣ አልጋው ላይ እየተዘረረች። «የዚያኛው ደግሞ ያቺ አረፋዋ! ነገም እዚያ እንበላለን?»

«እንበላለን፣ እናቴ።»

እታለም ሳህኑን በግራ እጇ ዘንበል አደረገች። ቤት ውስጥ የላስቲክ መግፊያ ስለሌላት ድፍጥጡን በጣቷ ገፋችው።