በእንግዶቹ ወንበር

የኦሃዮ የጥቅምት ንፋስ የትምህርት ቤቱን ሜዳ ያንዘፈዝፈዋል። ሰውየው ከእንግዳው ቡድን ወላጆች መሀል ተቀምጧል፤ ብርቱካናማ የክለብ ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቶ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቷል። የእንግዶቹ በረኛ እናት ማርሊስ ተጫዋች መልማይ መስሏት ትኩስ ቸኮሌት ቀዳችለት።

«ይሄ ኳስ ነው እንዴ?» አላት ተቀብሎ። «የባለሜዳዎቹን አሰልጣኝ ይዩት እስቲ፤ የኬሚስትሪ አስተማሪ እኮ ነው! ክለብ ቢሆን ውሃ እንኳ አያቀብልም።»

«የማን አባት ነዎት?»

«የዘጠኝ ቁጥሯ» አለ፣ ለባለሜዳዎቹ የምትጫወተውን ቀጭን ልጅ በአገጩ እያሳየ። «ከሕፃንነቷ ጀምሮ ክለብ ሳመላልሳት ኖሬ፣ ከጓደኞቼ ጋር ልጫወት ብላ ጥላው ወጣች። ለዚህ የትምህርት ቤት ቡድን!»

«ታዲያ እኛ ጋ ምን ይሠራሉ?»

«እንዳትመጣ ብላኛለች» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ወዲያው ዘጠኝ ቁጥሯ ተከላካዮቹን አታልላ የማርሊስ ልጅ መረብ ላይ አስቆጠረች። ሰውየው «የኔ ጀግና!» ብሎ ብድግ ሲል ቸኮሌቱ ጃኬቱ ላይ ተደፋ። በዙሪያው ያሉት ወላጆች ሁሉ አፈጠጡበት።

«ተከላካዮቹ ደካሞች ስለሆኑ ነው እንጂ...» አለ ቁጭ ብሎ ዓይኑን እየጠረገ።

ልጅቱ ከጓደኞቿ እቅፍ ወጥታ ወደ ማዶ ስትመለከት፣ ሰውየው ከማርሊስ ጀርባ ተሸጎጠ።

«አየችኝ?»

ማርሊስ ቀና ብላ አየች። ልጅቱ ራሷን ይዛ ትስቃለች።

«ኧረ አላየችዎትም» አለችው። «አርፈው ጨዋታዎን ይመልከቱ።»