ቁም ጽሕፈት ልትማር የመጣች ሴት

መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ እንግዳ ሲመጣባቸው መጀመሪያ የሚያዩት ጫማውን ነው። ፊት ይዋሻል፣ ጫማ ግን የመጣበትን መንገድ አይደብቅም ይላሉ። በሰኔ መጨረሻ ዜማ የምትባል ሴት ከጀልባ ወርዳ አጥራቸውን ያንኳኳች ዕለትም ዓይናቸውን ወደ እግሯ ጣሉ። የሸራ ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ሆኗል። የሐይቁን ዳር መንገድ የማታውቅ፣ የከተማ ሰው ናት አሉ በልባቸው።

«ምን ፈለግሽ?»

«ቁም ጽሕፈት ልማር ብዬ ነው፣ የኔታ።»

መሪጌታ ብርዑን ከእጃቸው አኖሩ። ብራና ሲፍቁ፣ ቀለም ሲበጠብጡ፣ ዳዊትና ድርሳን ሲገለብጡ ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል። ሴት ተማሪ መጥታባቸው አታውቅም። ወንዱም ቢሆን ማተሚያ ቤት ከበዛ ወዲህ በብራና ላይ ማጎንበሱን ትቶታል። ታዲያ ይህችን ምን አመጣት?

ከዓመታት በፊት አንድ ሰው እንዲሁ መጥቶ ነበር። ቀለም አሠራር ልማር አለ። ውሃ ቀዳላቸው፣ እንጨት ፈለጠላቸው፣ ማታ እግራቸውን አጠበ። አንድ ማለዳ ሲነሡ እሱም የለም፣ በደብሩ ዕቃ ቤት የነበረው ጥንታዊ ወንጌልም የለም። ያን ጊዜ ጣት ሁሉ ወደ ወልደ ዮሐንስ ተቀሰረ። «ዕቃ ቤቱን ያሳየው እሱ ነው» ተባለ። ለማኅሌት ሲቆሙ ከጎናቸው ያለው ሰው ፈቀቅ ይልባቸው ነበር። ወንጌሉ ሳይገኝ ቀረ፣ ሐሜቱም ሳይሞት አረጀ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ከዚያ ወዲያ ተማሪ የሚባል ወደ ደጃፋቸው አላስጠጉም።

ይህችን ግን አላባረሯትም። ብትባረር በሌላ በር ትመጣለች፣ ከዓይኔ ሥር ብትሆን ይሻላል ብለው አሰቡ።

«ብርዕ አሁን አይያዝም» አሏት። «መጀመሪያ ቆዳ መፋቅ ነው። ከቻልሽ ማክሰኞ ነይ።»

የፍየል ቆዳ ሽታ ያባርራታል ብለው ነበር። ማክሰኞ መጣች። በሳምንቱም መጣች።

ቆዳው በእንጨት ተወጥሮ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ዜማ መፋቂያውን በግራ እጇ ይዛ ላቧ ጠብ እስኪል ትፍቃለች። ቀኝ እጇ ግን ከነጠላዋ ሥር አይወጣም። ስትሠራም፣ ስትቀመጥም፣ ሰላም ስትልም አይወጣም።

«ግራኝ ነሽ?» አሏት አንድ ቀን።

«አዎ» አለች ፈጠን ብላ።

መሪጌታ ዕድሜያቸውን ሙሉ እጅ ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸው። የዚህች ሴት ግራ እጅ ገና መንገድ ለማጅ ነው። መፋቂያው ያመልጣታል፣ ትስታለች፣ ደግሞ ትጀምራለች። ግራኝ ሆኖ የተወለደ ሰው እንዲህ አይዝም። ዋሸችኝ አሉ።

ከዚህ የባሰው ደግሞ የምግቡ ነገር ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ እናትዓለም ምሳ ባቀረቡ ቁጥር ዜማ አንድ ምክንያት አታጣም። ዛሬ ጠግባለች፣ ነገ ሆዷን አሟታል። አንድ ቀን እንኳ ከመሶባቸው አልቆረሰችም።

«እንጀራ የማይቆርስ እንግዳ ምን ይባላል?» አሉ መሪጌታ እሷ ስትሄድ። «በልቶ መክዳቱን ፈርታ ነው። በዚያች በተሸፈነችው እጇ ደግሞ ስልክ ይዛለች። የማደርገውን ሁሉ ትቀርጻለች።»

«አይተዋል?»

«ማየት ምን ያደርጋል? ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር!»

«እርስዎ ስንጥር ሲፈልጉ ገንፎው ቀዘቀዘብዎ» አሉ ወይዘሮ እናትዓለም፣ ሳህኑን እያነሡ።

ሐምሌ ሲጋመስ፣ ዝናቡ ሐይቁን እየደበደበ ሳለ፣ ዜማ መፋቂያዋን አስቀምጣ ጉሮሮዋን ጠረገች። «የኔታ፣ በደብሩ ዕቃ ቤት አንድ የጥንት ዳዊት አለ ሲሉ ሰማሁ። አንድ ጊዜ ላየው ይቻል ይሆን?»

ያም ሰውዬ የጀመረው በዚሁ ነበር፤ አንድ ጊዜ ልየው ብሎ።

«ይቻላል» አሉ መሪጌታ ድምፃቸውን አለስልሰው። «ማክሰኞ።»

እሷ በጀልባ እንደ ተሳፈረች ካባቸውን ደርበው ወደ ቄሰ ገበዙ ወደ አባ ኃይለ ገብርኤል ሄዱ። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በእሳቸው እጅ ነው። መሪጌታ ሁሉንም ነገሯቸው፦ የተሸፈነውን እጅ፣ የውሸቱን ግራኝነት፣ ያልተቆረሰውን እንጀራ። ቄሰ ገበዙ ጢማቸውን ሲዳብሱ ቆይተው፣ «እንግዲያው እኔም እመጣለሁ» አሉ።

ማክሰኞ ዜማ ስትገባ አባ ኃይለ ገብርኤል በሩን ይዘው ቆመው ነበር። መሪጌታ አልተቀመጡም።

«ቀኝ እጅሽን አውጪ።»

ዜማ ፊቷ ተለዋወጠ። «ለምን?»

«የያዝሽውን እንድናይ።»

«ኧረ በማርያም!» አሉ ወይዘሮ እናትዓለም ከጓዳ ብቅ ብለው። ዜማ አንዴ ወደ በሩ፣ አንዴ ወደ ሴትዮዋ አየች። ከዚያ ነጠላዋን ገለጠች።

ምንም አልያዘችም። መያዣም አልነበራትም። ከአውራ ጣቷ በቀር ጣት የሚባል አልቀረላትም፤ የተሰፋው ቆዳ ገና ያብለጨልጫል።



«መምህር ነኝ» አለች። «መራዊ ከተማ፣ አንደኛ ክፍል ነው የማስተምረው። ባጃጅ ተገልብጦ እጄ ከሥሩ ቀረ። ከሆስፒታል ወጥቼ በግራ እጄ ሰሌዳ ላይ ብጽፍ ልጆቹ ሳቁ። አይፈረድባቸውም፤ ሀ ሁ የማስቆጥር ሰው ሀን መጻፍ አቃተኝ። አሁን ከክፍል አውጥተው ዕቃ ግምጃ ቤት ሊያስገቡኝ ነው።»

«ታዲያ ይህን መናገር ምን ከበደሽ?» አሉ መሪጌታ። ቁጣቸው መሄጃ አጥቶ እዚያው ቆሟል።

«እጄን ያየ ሁሉ ከንፈሩን ይመጥልኛል እንጂ አያስተምረኝም። እርስዎም እንዳይመልሱኝ ፈራሁ።»

«ምሳውስ?»

«በግራ እጄ ከእናንተ ጋር ልብላ?» አለችና እንባዋ መጣ።

«ዳዊቱስ?»

«የጻፈው ሰው ግራኝ ነበር አሉኝ። እንዴት እንዳደረገው ልይ ብዬ ነው።»

«ሐሰት ነው» አሉ መሪጌታ። «ግራኝ አልነበረም። የአገር ወሬ ነው።»

አባ ኃይለ ገብርኤል አንድ ሁለት ጊዜ ሳሉ፤ «እግዚአብሔር ይማርሽ» ሊሉ አፋቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉና ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ። ወይዘሮ እናትዓለም መሶቡን አቀረቡ። መጀመሪያ ራሳቸው አጎረሷት፤ ከዚያ ግራ እጇን ይዘው በእንጀራው ላይ አኖሩት። «ብዪ። ከዚህ ቤት የሚያይሽ የለም፤ የሚያይም ካለ ዓይኑን ይጨፍን።» መሪጌታ ወደ ሐይቁ ዞሩ።

ያን ሳምንት መሪጌታ ሥራ አልሠሩም። ከተበላሸ ብራና ቁራጭ ይዘው በግራ እጃቸው ሲሞክሩ ዋሉ። ፊደላችን ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ፣ የግራ እጅ ገና ያልደረቀውን ቀለም እየጠረገ ያልፋል። ብራናው ሁሉ ጭቃ ሆነ። ወይዘሮ እናትዓለም ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑ። መሪጌታ ግን በኋላ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። የቆሎ ተማሪ በነበሩበት ዘመን ጊዮርጊስ የሚባል ግራኝ ጓደኛ ነበራቸው። መምህሩ በገረፉት ቁጥር ብርዑን በቀኙ ይይዝና ዘወር ሲሉ ወደ ግራው ይመለሳል። ብራናውን አጋድሞ፣ እጁን ከመስመሩ በታች አውሎ ነበር የሚጽፍ። ብርዑንም አፉን የሚቆርጠው በተቃራኒው ነው።

ማክሰኞ ዜማ ስትመጣ አፉ በተቃራኒው የተቆረጠ አዲስ ብርዕ ጠበቃት። «እጅሽ ከመስመሩ ሥር ይሂድ፣ ከላዩ አይውጣ» አሏት። «አትግፊው፣ ሳቢው። ቶሎ ልጨርስ አትበዪ።» የመጀመሪያዋ ሀ ወገቧን እንደ ታመመች አሮጊት ጎበጠች። መሪጌታ፣ «እሷንም ያየ ሰው ሀ መሆኗን ያውቃል፤ ድገሚ» አሉ። ከጽሕፈቱ በኋላ ደግሞ የወይዘሮ እናትዓለም ተራ ነበር። ሽንኩርት በሚስማር ወግቶ በአንድ እጅ መክተፍን፣ ጫማ በአንድ እጅና በጥርስ ማሰርን አብረው እየፈለጉ ተማሩ። አንዳንዱን ሴትዮዋም አያውቁትም ነበር።

ጳጉሜን ሲገባ ዜማ አመስግና ሄደች። ጀልባዋ ከዓይን ስትጠፋ ግን መሪጌታን የድሮው ጥርጣሬ ተመለሰባቸው። እጇ እውነት ነው፤ ማንም ለማታለል እጁን አይቆርጥም። መምህርነቷንስ ማን አየ? ከመራዊ መምጣቷንስ ማን አየ? ጥቅምት ላይ ለዓይናቸው መነጽር ፍለጋ ባህር ዳር በወጡበት ቀን፣ ለሚስታቸው ሳይነግሩ የመራዊ ሚኒባስ ተሳፈሩ።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ከእግር እስከ ራሳቸው አያቸው። «ማንን ፈልገው ነው፣ አባት?»

«ዜማ የምትባል መምህር አለች?»

«ምኗ ነዎት?»

ምኗ እንደሆኑ ለመናገር ቸገራቸው። ዘበኛው ይህን ሲያይ ይበልጥ ጠረጠረ። «ከዚህ ይቁሙ። ማንም ዝም ብሎ አይገባም» ብሎ በሩን ገፋው። መሪጌታ ደማቸው ፈላ፤ ወዲያው ግን ዘበኛው ያደረገው እሳቸው በዜማ ላይ ያደረጉትን መሆኑ ገባቸውና ከበሩ ፈቀቅ ብለው ቆሙ።

ዜማ ተጠርታ መጣች። ግራ እጇ ጠመኔ በጠመኔ ሆኗል፤ ቀኝ እጇ አልተሸፈነም።

«ሊያረጋግጡ ነው የመጡት?» አለች እየሳቀች።

«አዎ» አሉ መሪጌታ።

እጃቸውን ይዛ ወደ ክፍሉ አስገባቻቸው። በሰሌዳው ላይ ፊደሎቹ ትንሽ ዘመም ብለው፣ ግን ተራቸውን ጠብቀው ቆመዋል። «ልጆች፣ እኚህ የኔ መምህር ናቸው» አለችና ጠመኔውን ሰጠቻቸው። መሪጌታ ጠመኔ ይዘው አያውቁም። እንደ ብርዕ ጫን ሲሉት ሲጥ ብሎ ለሁለት ተሰበረ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

«ቀለል አድርገው ይያዙት፣ የኔታ» አለች ዜማ፣ ሌላ ጠመኔ እያቀበለቻቸው። «አይጫኑት።»

መሪጌታ ካባቸውን ወደ ትከሻቸው ወርውረው እንደገና ጀመሩ።