የላይኛው ሆቴል በር

ልጄ ከአዲስ አበባ ስትደውል ስለ ጤናዬ ትጠይቃለች፣ ስለ ዝናቡ ትጠይቃለች፣ «በይ እሺ» ብላ ትዘጋለች። የዚያን ቀን ግን አልቸኮለችም። ለጥምቀት ጎንደር ልንመጣ ነው አለችኝ፤ እሷ፣ ትንሿ ልጇና አማቷ። ባሏ ሥራ ስላለበት ይቀራል። አማቷ ጎንደርን አይተው ስለማያውቁ ጥሩ ቦታ ማረፍ አለባቸው። ሁለት ትልልቅ ሆቴሎች በስልኳ ላይ አይታለች፤ ነገር ግን ፎቶ የማያሳምረው የለም። «አንቺ መቼም መዞርሽ አይቀርም፣ ሂጂና እይልኝ» አለችኝ።

እውነቷን ነው፣ መዞሬ አይቀርም። ባሌ ካለፈና ቆብ ከደፋሁ ወዲህ እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም። ቤቴ ትክል ድንጋይ በሚባል አገር ነው፤ የማድረው ግን እንደ ንግሡ ነው፣ ዛሬ አንዱ ደብር፣ ነገ ሌላው። ለንግሥ ማክሰኝት ድረስ በእግሬ ወርጄ አውቃለሁ። ሰው «እማሆይ፣ ምነው አርፈው አይቀመጡ?» ይለኛል። አርፎ የተቀመጠ ሁሉ ከእኔ ቀድሞ ሲሄድ ነው ያየሁት። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁት በስተርጅና፣ ከዳዊት ላይ ነው። የሆቴሎቹ ስም በፈረንጅ ተጽፎ ስለነበር አላነበብኩትም፤ የላይኛውና የታችኛው እያልኩ ነው የምጠራቸው። የላይኛው ከተማዋን ቁልቁል የሚያይ ኮረብታ ላይ ነው። የታችኛው ወደ ቀሐ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው።

የምጠይቀውን እንደ ውዳሴ ማርያም አስጠናችኝ። አማቷን ጉልበታቸውን ያማቸዋልና ደረጃ ይበዛል ወይ? ውኃው ይሞቃል ወይ? የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ እንቅልፍ ይነሳል ወይ? በሩ ላይ ሰው ያስቸግራል ወይ? «እሺ ልጄ» አልኩ። ሌላ ሐሳብ እንዳለኝ አልነገርኳትም።

የልጅ ልጄን በዓይኔ አይቻት አላውቅም። ለሠርጉ መንገድ ተዘግቶ ቀረሁ። ክርስትናዋንም የሰማሁት በስልክ ነው። ስድስት ዓመት ሞላት። በጎረቤቴ ስልክ በሚልኩልኝ ፎቶ ሁሉ አንገቷ ባዶ ነው። የክርስትናዋ ማተብ ተበጥሶ የተካላት የለም መሰለኝ። እኔ ባደግሁበት አገር አያት በሕይወት እያለች የልጅ አንገት ባዶውን አይውልም። ስለዚህ ጥቁርና ሰማያዊ ክር ገምጄ ማተብ ሠራሁላት፣ አባቶች ጸለዩበት፣ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት። በገዛ እጄ ላስርላት፣ እጄን በራሷ ላይ ጭኜ ልመርቃት። ከዚያ በኋላ ብጠራም ግድ የለኝም ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ላይኛው ነው። በሩ ላይ የደንብ ልብስ የለበሰ ጎረምሳ ዘበኛ ቆሟል። ቆቤንና መቋሚያዬን አየና፣ አፌን ሳልከፍት ወደ ጎጆው ገብቶ ዳቦ አወጣልኝ። በጸሎትዎ ያስቡኝ አለ። ምጽዋት አይመለስም፤ መመለስ የሰጪውን በረከት መቀማት ነው። ስለዚህ ተቀብዬ መረቅሁት። ከዚያ ለልጄ ውስጡን ላይላት ነው የመጣሁት ስለው ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም።

«እማሆይ፣ ውስጥ ዳቦ የለም። ዳቦው እኔ ዘንድ ነው» አለኝ። ትከሻዬን ይዞ፣ ጥጃ ከአዝመራ እንደሚመልስ ሰው፣ ቀስ አድርጎ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞረው።

የታችኛው ሆቴል ዘበኛ ሽማግሌ ነው፤ የአርማጭሆ ሰው፤ በደንብ ልብሱ ላይ ጋቢ ደርቧል። አያ ብዬ ሰላም ስለው፣ በርጩማውን ለቆልኝ የመጣሁበትን ጠየቀኝ። ነገርኩት። ገብቶ አንዲት ሱፍ የለበሰች ልጅ ይዞ መጣ፤ እሷም ክንዴን ይዛ ሁሉን አሳየችኝ። ሊፍት የሚሉት ሳጥን ሲነሳ ሆዴ ከታች የቀረ መሰለኝ፤ ግን ለታመመ ጉልበት ከበቅሎ ይሻላል። ውኃውን ከፈተችልኝ፣ እጄን አስገባሁ፣ ይሞቃል። የአልጋው አንሶላ እንዲያ ነጭ ሆኖ ስለተወጠረ ከፈን መሰለኝና አማተብኩ፤ እሷ ሳቀች። እኔ ግን በልቤ የማየው ወለሉን ነበር። በአልጋውና በመስኮቱ መካከል አንድ አጎዛ የሚበቃ ቦታ አለ። እዚያ ብተኛ ልጅቷ ስትተነፍስ እሰማለሁ።

«ለማን ነው እማሆይ፣ የሚያዩት?» አለችኝ።

«ለልጄ። ለእኔም» አልኳት።

ልጄ ስትደውል የታችኛውን ሁሉ በየተራው ነገርኳት። ደረጃው፣ ውኃው። ማኅሌቱ እስከ አልጋው ድረስ ይሰማል አልኳት፤ ደስ ይላታል ብዬ። ለእኔ አጎዛ ብቻ ይበቃኛል፣ ተጨማሪ አልጋ አትከራዪ አልኳት። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ። የላይኛውስ?»

ይቺን ደግሞ ለሳቅ ብዬ ነበር ያቆየኋት። በሩ ላይ ለማኝ መስዬአቸው ዳቦ ሰጡኝ አልኳት። አልሳቀችም።

«ጭራሽ ውስጥ አላስገቡሽም?»

«አላስገቡኝም። ዳቦው ግን ሸጋ ነበር።»

«እንግዲያው የላይኛውን እይዛለሁ።»

«ምነው ልጄ?»

«ያገኙትን ሁሉ አያስገቡም ማለት ነዋ፣ እማ። አማቴ እንደዚያ ያለ ቦታ ነው የሚወዱት።»

እሺ ብዬ ዘጋሁ። እሾህ ሲገባ አይደለም የሚያመው፤ በኋላ ሲረግጡበት ነው። ወደ ቀሐ ስወርድ፣ መንገዱ እኩሌታ ላይ ስደርስ ነው ያመመኝ። ቢሆንም ራሴን አጽናናሁ። ማንም ሳልሆን የተዘጋብኝ በር፣ የእንግዳ እናት ሆኜ ስመጣ ይከፈት የለም ወይ? ያን ሰሞን ነጠላዬን አጠብኩ። ቆቤን ፀሐይ ላይ አሰጣሁ።

የከተራ ዕለት ገቡ። ደወለችልኝ፤ ወደ ላይ አትምጪ አለችኝ፣ አቀበቱ ያደክምሻል፣ እኔው ልጅቷን ይዤ ቀሐ እመጣለሁ። አቀበት እንደሚያደክመኝ የነገረኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ከመጠመቂያው አጥር ውጭ አንዲት ዛፍ አለች፣ ሥሯ ወደ ውጭ ተገልብጦ ወንበር የመሰለ። እዚያ ነኝ አልኳት። ታቦታቱ ወርደው አደሩ፣ ሕዝቡ ተረጨ፣ ዘፈኑ ቀለጠ፤ እኔ ዛፏን አለቀቅኩም። ቦታዬን ሰው እንዳይወስድብኝ ውኃ ለመጠጣት እንኳ አልተነሳሁም። ማምሻውን ደወለች፤ ሕዝቡ በዝቶባቸው አማቷ ፈሩ አለች። በማግሥቱ ቃና ዘገሊላ ነው፣ ሚካኤል ሲገባ እንገናኛለን አለች። ሚካኤልም ገባ። አልተገናኘንም።

በቃና ዘገሊላ ማግሥት እንደሚመለሱ አውቅ ነበርና ጠዋት ወደ ላይኛው ሆቴል ወጣሁ። ሳትጠራኝ መሄዴ ነበር። ያው ጎረምሳ በሩ ላይ አለ፤ አወቀኝ። ዛሬም መጡ፣ ዳቦው ገና አልደረሰም አለኝ። ልጄ ውስጥ ናት አልኩት።

«በዚህ ሰሞን የሁሉም ልጅ ውስጥ ናት፣ እማሆይ» አለኝ።

ግን አላባረረኝም። ከአጥሩ ውጭ ጥላ ያለበት ድንጋይ አሳየኝ፤ ተቀመጥኩ። ከዚያ ላይ ሲያዩት ጎንደር እንደተዘረጋ እህል ነው። የማድርባቸውን ደብሮች አንድ በአንድ ለየሁ። የታችኛውን ሆቴል ጣሪያም አየሁት።

ማኪና መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ወዲያው ከውስጥ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴትዮ እያነከሱ ወጡ፣ አንዲት ትንሽ ልጅ እጃቸውን ይዛለች። ልጄ ሻንጣ እያስወጣች ከኋላ ናት። ዓይኗ ዓይኔ ላይ ዐረፈና ወዲያው ወረደ። ከዚያ በኋላ የምታየው የማኪናውን ጎማ ነበር።

አማቷን ክፉ አልልም። ቆቤን ሲያዩ ቆም ብለው እጅ ነሱ። ከቁርስ የያዙትን ዳቦ፣ በሆቴሉ ሶፍት እንደተጠቀለለ፣ ከቦርሳቸው አውጥተው በልጅቷ እጅ አደረጉ። «ሂጂ፣ ለእማሆይ ስጪያቸው፣ ይመርቁሽ» አሉ።

መጣች። ፊቷ የእናቷ ነው፣ አረማመዷ ግን የእኔ፤ እግሯን ወደ ውጭ ትወረውራለች። ዳቦውን ዘረጋችልኝ። ምጽዋት አይመለስም። በሁለት እጄ ተቀበልኩ፣ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት፣ እጄን በራሷ ላይ ጫንኩ። እደጊ ተመንደጊ፣ የእናትሽ ጧሪ ሁኚ ብዬ መረቅኋት፣ እንትፍ አልኩባት። ፀጉሯ የሆቴል ሳሙና ይሸታል። አንገቷ ባዶ ነው።

«አገርዎ ከወዴት ነው እማሆይ?» አሉኝ አማቷ።

ትክል ድንጋይ አልኩ፤ ሳላስብ ወጣ። ሴትዮዋ ፊታቸው በራ። ወደ ልጄ ዞረው ያንቺ አገር አይደል እንዴ አሏት፤ እሷ ራሷን ነቀነቀች። ወደ እኔ ተመለሱ።

«የዚህች እናት በዚያ በኩል ገዳም ገብተዋል። ከዓለም ተለይተው፣ ሰውም አያገኙም። ምናልባት ያውቋቸው ይሆን?»

ከዓለም መለየቴን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ልጄ ከጎማው ላይ ቀና አለች። እንዲያ ያለ ዓይን ያየሁባት አንድ ጊዜ፣ ልጅ ሆና ማሰሮ የሰበረች ቀን ነበር። ያን ጊዜ አባቷ እንዳይሰማ ስባሪውን የቀበርኩላት እኔ ነኝ።

«አውቃታለሁ» አልኩ። «ደኅና ናት። ሁልጊዜ ልጅቷን ታነሳለች።»

የነጠላዬን ቋጠሮ ፈታሁ፣ ማተቡን አወጣሁ። ይህን ለልጅ ልጇ ሰድዳለች አልኩ። አማቷ እሰይ አሉ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ልጅቷ አንገቷን አዘነበለችልኝ። እጄ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው የልጄ እጅ መሐል ገባ።

«ይስጡኝ፣ እማሆይ። እኔ አስርላታለሁ» አለችኝ።

በሕይወቷ እማሆይ ብላኝ አታውቅም። ሰጠኋት። ቦርሳዋን ከፈተች፣ ጨመረችው፣ ዚፑን ዘጋች።

አማቷ ለእናትየዋ ብዙ ሰላምታ ያድርሱልን አሉ። አደርሳለሁ አልኩ። ልጅቷን ወደ ማኪናው አስገቧት፤ መስኮቱ ጥቁር ስለሆነ ከዚያ ወዲያ አላየኋትም። ማኪናው ሲዞር ዘበኛው፣ እግርዎን ሰብሰብ ያድርጉ አለኝ፤ ሰበሰብኩ። ማኪናው ቁልቁለቱን ወርዶ ከተሰወረ በኋላ ዘበኛው አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

«እማሆይ፣ ልጅዎ ወጣች?»

«ገና ናት» አልኩት።

ወደ ቀሐ ስወርድ በታችኛው ሆቴል በኩል አለፍኩ። ሽማግሌው ከሩቅ አይቶኝ በርጩማውን ለቀቀልኝ። ተቀመጥኩ፣ ዳቦውን ከሶፍቱ ፈትቼ ለሁለት ቆረስኩት፣ እኩሌታውን ሰጠሁት። ያቺ ሱፍ የለበሰችው ልጅ፣ ልጅዎ ሳትመጣ ቀረች ወይ እያለች ስትጠይቅ ሰንብታለች አለኝ። ልጄ ሌላኛውን መርጣለች አልኩት። ዳቦውን እያላመጠ ወደ ኮረብታው ቀና አለ።

«ምነው? ምኑ ተሽሎ ተገኘ?»

«ሸጋ ነው፣ አያ» አልኩት። «ያገኘውን ሁሉ አያስገባም።»