ያጠበች አታወራም

ኮርዴሊያ ባትስን መጀመሪያ አልወደድኳትም፤ አልዋሽም። ባሏ የሞተባት የሠላሳ ዓመት ሴት ናት። በቤተ ክርስቲያናችን ጓዳ የእጅ ማተሚያ ተክላ ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ገጽ ጋዜጣ ታወጣለች። ቀለም ከጣቷ ለቆ አያውቅም። ሰው ቤት ስትገባ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ “ማን አየ? በስንት ሰዓት? ስምዎን ልጻፍ?” ትላለች። በዚያ ዘመን በአርካንሳስ የጥጥ አገር፣ ጥቁር ሰው ስሙ የትም እንዲጻፍበት አይፈልግም ነበር።

እኔ ሄስተር እባላለሁ፤ የዕድራችን ሬሳ አጣቢ ነበርኩ። ሃያ ሁለት ዓመት አጥቤያለሁ። አጣቢ ስትሆኚ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ እጅሽን ጭነሽ ትምያለሽ፤ ያጠበች አታወራም። የሟች ገላ የሟች ነው። ደግ ሕግ ይመስለኝ ነበር።

በመስከረም ነጮቹ ሌሙኤል ጌይንስን ገደሉት። ሌሙኤል የባለ እርሻው ሚዛን ይሰርቀኛል ብሎ ጥጡን በራሱ ጋሪ ጭኖ ሌላ ከተማ የሸጠ ሰው ነው። ጥፋቱ ይኸው ነው። የነጮቹ ጋዜጣ ግን “ሽጉጥ መዞ ሲመጣባቸው ፊት ለፊት ተመታ” ብሎ ጻፈ። ያጠብኩት እኔ ነኝ። ያየሁትን አይቼ፣ ከንፈሬን ነክሼ፣ ገንዤ አስረከብኩ።

በማግስቱ ጠዋት ኮርዴሊያ መጣች። ወንበር ብሰጣት አልተቀመጠችም።

“እማማ ሄስተር፣ ጥይቱ በየት በኩል ነው የገባው?”

“ልጄ፣ ሕጉን ታውቂያለሽ።”

“አውቃለሁ። እነሱ የጻፉትንም አንብቤያለሁ፤ ፊት ለፊት ተመታ ይላል። እውነት ነው?”

“ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።”

“ዝንቡማ ሌሙኤል ላይ ነው ያለው!” ጮኸችብኝ። “እንዲህ ተባለ ብዬ መጻፍ መቼ አቃተኝ? ግን ‘ተባለ’ የእነሱ ነው። እኔ ያየ ሰው ከነስሙ ካላገኘሁ አልጽፍም።”

“እንግዲያው አትጻፊያ!”

በሩን በላዬ ላይ ወርውራ ወጣች። ባለጌ አልኳት።

ቅዳሜ ጋዜጣው ወጣ። የሌሙኤል እናት ሮዜታ በእጇ ይዛው መጣች። እንደኔው ፊደል አልቆጠረችም፤ የልጇን ስም ግን መልኩን ታውቀዋለች። ስሙ በትልልቁ ተጽፎ ነበር። ከሥሩ ግማሽ ገጽ ባዶ ነው።

“ሄስተር፣ እዚህ ጋ ለምንድን ነው ምንም የሌለው?” አለችኝ፣ ነጩ ወረቀት ላይ ጣቷን አሳርፋ። “ስለ ልጄ የሚባል ነገር ጠፋ?”

የሚባለው እኔ አፍ ውስጥ ነበር። መጀመሪያ ኮርዴሊያን ረገምኳት። ቀጥዬ ራሴን። ስንቱን አጥቤያለሁ! ስንቱ “ወድቆ ሞተ”፣ “ሰምጦ ሞተ” ሲባል አንገቱ ላይ የገመዱን ሰንበር አይቼ ሸፍኛለሁ! ለሟች ክብር ያልኩት ዝምታ ለገዳዮቹ ነበር የጠቀመው። ንዴቱ እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

እሑድ መዝሙሩ ሳያልቅ ተነሣሁ።

“እህት ሄስተር፣ ተቀመጪ” አለኝ የዕድሩ ሹም ዲያቆን ዊትፊልድ።

“አልቀመጥም። ሌሙኤልን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ሦስት ጥይት፣ ሦስቱም ከጀርባ። የሁለቱም እጆቹ አንጓ በገመድ ተልጧል። አስረው ነው የገደሉት።”

“ምለሻል እኮ!”

“የማልኩት ለሟች ነው፤ ለገዳይ አይደለም!”

ሮዜታ ጮኸች። ኮርዴሊያ ከኋላ ወንበር እያለቀሰች ትጽፋለች። ስትጨርስ ቀና ብላ “ስምዎን ልጻፍ?” አለችኝ። ያን ዕለት ወደድኳት።

“ከነአባቴ ስም ጻፊው” አልኳት።

ቅዳሜ ባዶው ገጽ ሞላ። ሰኞ በጠራራ ፀሐይ ነጮቹ መጥተው ማተሚያዋን ወንዝ ውስጥ ጣሉት፤ እሷን ጀልባ ላይ አሳፍረን አሻገርናት። ገዳዮቹን አንድ ሰው እንኳ አልጠየቃቸውም። ዕድሩ ግን እኔን አባረረ፤ ለዚያ ጀግና ነበሩ። ኮርዴሊያ ወንዝ ማዶ በተዋሰችው ማተሚያ ሥራዋን ቀጠለች። በየወሩም ባዶ ቦታ የያዘ ጋዜጣ ይደርሰን ነበር፤ ከላይ የአንድ ሟች ስም፣ ከሥሩ ነጭ ወረቀት። የየመንደሩ አጣቢዎች ያን እያዩ አንድ በአንድ ያዩትን ከነስማቸው ይልኩላት ጀመር።

በጸደይ፣ ቀትር ላይ፣ ዲያቆን ዊትፊልድ ደጃፌ ላይ ቆመ። ባርኔጣው በእጁ ነው። የወንድሙን ልጅ ከድልድዩ ሥር አውጥተውታል፤ የነጮቹ ጋዜጣ “ሰክሮ ወደቀ” ብሎ ጽፏል።

“እህት ሄስተር፣ እጠቢልኝ።”

ባዝንለትም ምላሴ አልራራም። “ያጠበች አታወራም እኮ፣ ዲያቆን።”



“አውሪ” አለኝ። “ለዚያችም ልጅ ላኪላት፤ የኔንም ስም ትጻፈው።”