ክታቤና የሴፍቲ ፎርሙ

ዲቪ ደርሶኝ ኦሃዮ ውስጥ ኮሎምበስ የገባሁት የኮሮና ወረርሽኝ ሊጀምር ሁለት ወር ሲቀረው ነው። ኢስትሙር በሚባል ሰፈር ጋሼ የምላቸውን የአንድ አበሻ ቤዝመንት ተከራየሁ። ጋሼ በሱዳን በኩል በስደት መጥተው ብዙ ዓመት የኖሩ፣ ቤታቸውን የገዙ፣ አዲስ መጪን ሁሉ በራሳቸው መኪና ሥራ የሚያስቀጥሩ ሰው ናቸው። እኔንም ዌርሃውስ፣ ትልቅ የዕቃ መጋዘን፣ አስገቡኝ። ከተማው ሲዘጋ የእኛ ሥራ በእጥፍ ጨመረ። ሰዉ ቤቱ ተቀምጦ የሚያዘው ዕቃ ሁሉ በእኛ እጅ ነበር የሚያልፈው።

እናቴ ደብረ ብርሃን ሆና የአሜሪካን ዜና ትከታተላለች። በየቀኑ ኮል ታደርግና “ዛሬስ አጠገብህ ስንት ሰው አሳለ?” ትለኛለች። በፈረንጆቹ 2020 መጨረሻ ላይ በመንገደኛ እጅ አንድ ነገር ላከችልኝ። በቀይ ቆዳ የተሰፋ፣ የክብሪት ሳጥን የሚያክል ክታብ ነው።

“ደብተራው ለዚሁ በሽታ ብለው የጻፉት ነው። ከማተብህ ጋር እሰረው፤ እንዳትከፍተው ብቻ” አለችኝ።

እኔ ኬሚስትሪ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ በክታብ አላምንም። ግን በዚያው ሳምንት አጠገቤ የሚሠሩ ሁለት ሰዎች ታመው ከሥራ ቀሩ። እኔም በማስኩ ላይ ክታቡን ጨመርኩ። ክረምቱን ሙሉ ሰው ሲታመም፣ እኔን ጉንፋን እንኳ አልነካኝም። እናቴ በየቀኑ “አየህ?” ትላለች።

በቀጣዩ ዓመት ጸደይ ላይ የአንድ ሠራተኛ የመታወቂያ ማንጠልጠያ ዕቃ በሚያጓጉዘው ቀበቶ፣ በኮንቬየሩ፣ ተያዘ። ሰውየው ሳይጎዳ ተረፈ፤ ከዚያ በኋላ ግን ማንም አንገቱ ላይ ምንም እንዳያስር ታዘዘ። የሥራ ደህንነት የምትቆጣጠረው የሴፍቲ ኃላፊ፣ ሁሉንም ሰው “ሃኒ” እያለች የምትጠራ ደግ ሴት፣ አንገቴን አይታ ቆመች።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“የሃይማኖት ነው” አልኳት።

ፊቷ በራ። “እንግዲያው ፎርም አለው!” አለች።

ፎርሙ አራት ገጽ ነው። የዕቃው ስም ማን ነው? ምን ያገለግላል? በቀን ስንት ጊዜ ይጠቀሙበታል? ቢወልቅ ምን ይደርሳል? “ከበሽታ ይጠብቃል” ብዬ ጻፍኩ። ቢወልቅ ለሚለው ብዙ አሰብኩና “እናቴ ትቆጣለች” አልኩ። መጨረሻ ላይ የሃይማኖት አባት ደብዳቤ ይላል። ከዚያ በታች ደግሞ፣ የተሞላው እውነት ካልሆነ ከሥራ እንደሚያሰናብት በደማቁ ተጽፏል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሼ ቤተ ክርስቲያን ወሰዱኝ። ቄሱን ፓርኪንጉ ላይ አገኘናቸው። በዚያ ዘመን መስቀል የሚያሳልሙት ከሩቅ ነበርና፣ በሁለት ሜትር ርቀት ባርከውኝ ጉዳዬን ሰሙ።

“ለማተቡ ዛሬውኑ እጽፍልሃለሁ። ለክታቡ ግን አልጽፍም” አሉ። “ይሄ ነገር ዛሬ የተጀመረ እንዳይመስልህ። የጥንት ክርስቲያኖችም ከወንጌል እየቆረጡ አንገታቸው ላይ ያስሩ ነበር። አባቶች ቢሰብኩ፣ በጉባኤ ቢከለክሉ፣ አላስጣሏቸውም። እኔ ኦሃዮ ላይ አስጥላለሁ ብዬ አልደክምም። ደብዳቤ ግን የለም።”

ጋሼ ጣልቃ ገቡ። “አባ፣ ምን እንደተጻፈበት እንኳ ሳያዩ?”

ቄሱ አመነቱ። የአጋንንት ስም ተጽፎበት ከሆነ መቃጠል እንዳለበት፣ ጸሎት ብቻ ከሆነ ግን ነውር እንደሌለው ነገሩን። ጋሼ ከመኪናቸው መቀስ አመጡ። የእናቴን “እንዳትከፍተው” እያሰብኩ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስፌቱ ተፈታ፣ ተጠቅልሎ የነበረው ብራና በጋሼ መኪና ኮፈን ላይ ተዘረጋ። ቄሱ መነጽራቸውን አድርገው በለሆሳስ ማንበብ ጀመሩ። “በስመ አብ” አሉ፤ ጥቂት ቀጠሉ። ከዚያ ድምፃቸው ተቋረጠ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ።

“ልጄ፣ ላም አለህ?” አሉኝ።

“የለኝም አባ። ቤዝመንት ነው የምኖረው።”

“ይሄ ወተቷን ለከለከለች ላም የተጻፈ ነው። ስትታለብ እንዳትራገጥ፣ ጡቷም እንዲፈታ።” የእኔ የክርስትና ስም መኖር በሚገባው ቦታ ላይ የላሚቱ ስም በቀይ ቀለም ተጽፏል። ጋሼ ኮፈኑን ተደግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ። ሰዉም ሳሉን ሰምቶ ራቀን።

እዚያው ቆሜ ለእናቴ ደወልኩ። “ወይኔ!” ብላ ጮኸች። ለካ ጎረቤታችን ለላማቸው ለማስጻፍ በዚያው ቀን አብረዋት ሄደው ኖሯል። ሁለቱም ክታብ በቀይ ቆዳ ተሰፍቶ ተቀያይሯል።

“ታዲያ የእኔ የት ነው?”

“ላሚቱ አንገት ላይ ነዋ!”

“እሷስ እንዴት ናት?”

“ወተቱን እንኳ እንጃ። ግን እስከ ዛሬ አንድ ቀን አሳላት አይባልም” አለች፣ ከልቧ።

ቄሱ የማተቡን ደብዳቤ ሲሰጡኝ “ውሸት ጽፈህ እንዳትፈርም” ብለው አስጠነቀቁኝ። እኔም ሰኞ “ከበሽታ ይጠብቃል” የሚለውን ሰርዤ “ላም ወተት እንድትሰጥ ይረዳል” ብዬ አስተካከልኩ። ክታቡን ራሱን መተው እችል ነበር። ግን አምስት ወር አብሮኝ የከረመን ነገር በአንድ ቀን ሳቅ አውጥቼ መጣል ከበደኝ።

በሳምንቱ ኤች አር፣ የሠራተኞች አስተዳደር ቢሮ፣ ተጠራሁ። ሦስት ሰዎች ተራርቀው ተቀምጠዋል። ላም የሚለውን አይተው ጉዳዬን አካል ጉዳተኞች ይዘዋቸው ለሚገቡ ረዳት እንስሳት ክፍል አስተላልፈውት ነበር።

አንደኛው በጣም በትሕትና “ላሟን ወደ ሥራ ቦታው ማስገባት አንችልም” አለኝ። “ፎርክሊፍት አለ።”

“ላሟ የእኔ አይደለችም። ያለችውም ኢትዮጵያ ነው።”

ተያዩ። ሴትዮዋ ወደ ኮምፒውተሯ ተጠጋች። “ስለዚህ ሪሞት ናት?”

በዚያ ዓመት ግማሹ አሜሪካ ከቤቱ ሆኖ በሪሞት ነበር የሚሠራው። “አዎ፣ ሪሞት ናት” አልኩ። ሦስቱም ተነፈሱ። ለሪሞት ምንም የሚከለክል ደንብ አልነበረም፤ ጸደቀ። ማተቤን ሲያዝ በቀላሉ በሚበጠስ ክር እንዳስር፣ ክታቡን ግን ኪሴ ውስጥ እንድይዝ ተስማማን። የሴፍቲ ኃላፊዋ እስከ ዛሬ ስታገኘኝ “ላምህ ደህና ናት?” እያለች ትጠይቀኛለች። እኔም ደህና ናት እላለሁ።

ኪስ ውስጥ የገባ ነገር መውጣቱ አይቀርም። በ2022 ጥር ላይ ሱሪዬን ስቀይር ክታቡን ቤት ረሳሁት፤ በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ያዘኝ። ምርመራው ፖዘቲቭ አለ። ጋሼ ሾርባ በር ላይ እያስቀመጡ ከሩቅ ሆነው በተነቀለ የጠረጴዛ እግር በሩን ያንኳኩልኝ ነበር። ሽታ ጠፋብኝ፣ ጉልበቴ ከዳኝ፤ ደግነቱ በሳምንቱ ተነሣሁ።

በታመምኩ በሁለተኛው ቀን ጋሼ ነግረዋቸው ኖሮ ቄሱ ደወሉ። እንዴት ነህ ብለው ጸሎት አደረሱልኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ክታቡ የት እንደነበር ጠየቁኝ። እውነቱን ነገርኳቸው።

“ለእናትህ እንዳትነግራት” አሉኝ። “ይህን ከሰማች እኔ ዕድሜ ልኬን ብሰብክ አልመልሳትም።”

እኔም አልነገርኳትም። ድምፅህ ምን ሆነ ስትለኝ፣ ብርዱ ነው አልኳት።