መንገድ ላይ የማትታወቀው እህት

ሜርሊን የአያቷን የማ ዶሊን ፀጉር ትጠቀልል ነበር። እርጥቡን ፀጉር በማበጠሪያ ወደ አንድ ጎን እየሳበች ጭንቅላታቸው ላይ ዙሪያውን ታዞረዋለች፤ ከዚያ እንዳይፈታ ከጉልበቱ የተቆረጠ የናይለን ስቶኪንግ ታጠልቅበታለች። ቦንተሄውል በሚባለው የክልሶች ሠፈራቸው ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት ፀጉሯ እንዲህ ሳይታሰር የምትታይ ሴት ጥቂት ናት። ለእሁድ ቤተ ክርስቲያን ፀጉር መተኛት አለበት።

"ማ፣ አይንቀሳቀሱ።"

"ቀስ በያ! የራስ ቅል ነው ወይስ ድንች የያዝሽው?"

ሜርሊን ከከተማው ተራራ ሥር ባለው ዩኒቨርሲቲ የዘርና የብሔረሰብ ጥናት ትማራለች፤ ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ከቤተሰቡ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ የረገጠ ሌላ ሰው የለም። አጎቷ ኔቪል ግን የምትማረውን ከሰማ ጀምሮ አላስቀመጣትም። ያን ቀንም በሩን ተደግፎ ቆሟል።

"ሦስት ዓመት ሙሉ ዘር? እኔ ከዚህ ተነሥተን መሃል ከተማ እስክንደርስ ባቡር ላይ በጨረስኩልሽ። ድሮ የትኛው ፉርጎ የየትኛው ዘር እንደነበር ነግሬሽ አለቀ፣ ትመረቂያለሽ።"

"አጎቴ ያለ ቲኬት፣ በሩ ላይ ተንጠልጥለው ነበር የሚሄዱት አሉ። የትኛውንም ፉርጎ ከውስጥ አያውቁትም።"

ማ ዶሊ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ።

መምህሯ፣ አንድ አረጋዊ በአፓርታይድ ጊዜ ስለነበረው የዘር ምዝገባ ጠይቃችሁ ጻፉ ብላቸው ነበር። ሜርሊንም እጇን ሳታቆም፣ እንደ ቀልድ፣ "ከኛ ቤት በሌላ ዘር የተመዘገበ ነበር እንዴ?" አለች።

ኔቪል ወሬውን አቋርጦ ወደ ጓሮ ወጣ። ማ ዶሊ ግን፣ "እህት ነበረችኝ" አሉ።

እህታቸው ሲልቪያ ትባላለች። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት ቤተሰቡ በሙሉ ክልስ ተብሎ ተመዝግቦ ሳለ፣ እሷ ቆዳዋ ነጣ፣ ፀጉሯ ለስለስ ያለ ስለነበር ነጭ ልባል ብላ አመለከተች። የምትወደው ነጭ ልጅ ነበር፤ ያለዚያ ወረቀት ሕጉ አያጋባቸውም። ተመዝጋቢዋ ከማን ጋር እንደምትውል፣ ማን እንደሚስማት፣ ማን በስሟ እንደሚጠራት የሚያጣሩ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ እናታቸው ማ ዶሊን፣ ያኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ እህቷን እንደማታውቃት ሆና ማለፍን ጓሮ ውስጥ አስተማሯት። ሲልቪያ በአጥሩ በኩል ታልፋለች፤ ዶሊ ፊቷን ታዞራለች። ዶሊ ከሳቀች እንደገና። ዓይኗ ከሰረቀ እንደገና። እስኪመሽ ድረስ።

"በመጨረሻ አልሳቅሁም" አሉ ማ ዶሊ። "እናቴ ጎበዝ አለችኝ። በሳምንቱ ሲልቪያ ሻንጣዋን ይዛ ሄደች።"

ከዚያ በኋላ በአምሳ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ አይተዋታል። አንዴ ባቡር ጣቢያ፣ አንዴ ጨርቅ ቤት፣ ሁለቴ መንገድ ላይ። አራቱንም ጊዜ ፊታቸውን አዞሩ።

"አሁን እኮ ሕጉ የለም፣ ማ።"

"ለልጆቿ ነጭ ነኝ ብላ የነገረቻቸው ግን አለ።"

የሜርሊን ጽሑፍ ከክፍሉ አንደኛ ወጣ። መምህሯ ለመመረቂያ ጽሑፍሽ አስፊው አለቻት። ሜርሊን ግን ከዚያ የበለጠ ነገር ፈለገች፤ ማ ዶሊ ልባቸው ደክሟል፣ እህታቸውን አንድ ጊዜ ሰላም ሳይሏት እንዳይሄዱ ሰጋች። የሲልቪያን ባል ስም ማ ዶሊ ጋዜጣ ላይ ከወጣው የሞት ማስታወቂያው ቆርጠው አስቀምጠውት ነበር። በዚያ ስም ስልኩ ተገኘ። የምትኖረው ፊሽ ሁክ በሚባል የባሕር ዳር ሠፈር ነው።

ሲልቪያ ስልኩ ላይ ብዙ አላወራችም። "ዶሊ በሕይወት አለች?" አለች። ቀጥሎም፣ "ሐሙስ አምስት ሰዓት፣ ዋይንበርግ፣ ዋናው መንገድ ላይ ያለው ሻይ ቤት። ብቻዬን እመጣለሁ።"

ሐሙስ ዕለት ሜርሊን ቀድማ ሄደች። ማ ዶሊን አጅባ መምጣት ትችል ነበር። ግን ሁለቱ ሲገናኙ ከመስኮቱ ሆና ልታይ፣ አይታም ልትጽፍ ፈለገች። ደብተሯን ከፈተች፣ ቀኑን ጻፈች።

ማ ዶሊ አዲሱን ቢጫ ሹራባቸውን ለብሰው በእግረኛው መንገድ ብቅ አሉ። ከወዲያኛው ጫፍ አንዲት አሮጊት መጣች፤ ዓይኗ ደክሞ ስለነበር አንዲት ነጭ ወጣት ክንዷን ይዛታለች። የልጅ ልጇ መሆን አለባት። አሮጊቷ ቀረብ ብላ ስታይ እጇን አነሣች።

"ዶሊ!"

ማ ዶሊ ፊታቸውን ወደ ጫማ መደብሩ መስታወት አዞሩ። ከዚያ እንደ ወጣት ፈጥነው መንገዱን ተሻገሩ።

ሜርሊን ወንበሩን ገልብጣ ወጣች። እነሲልቪያ ጋ ስትደርስ ወጣቷ፣ "ማን ናት፣ አያቴ?" ትላለች።

"ማንም። የማውቃት መስሎኝ ነው" አለች ሲልቪያ። ሁለቱ ተመልሰው መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

ማ ዶሊ ማዶ፣ የታክሲ ማቆሚያው ግንብ ላይ ተቀምጠው ነበር። "እግሬ ነው" ይላሉ። "ልጅቷን ሳያት እግሬ ነው የሄደው። ሜርሊን፣ እኔ አይደለሁም። ሄደሽ ንገሪያት።"

ሜርሊን በዚያው ቀን ስትደውል አልተነሣም። በሳምንቱ ቁጥሩ አይሠራም ተባለ። ፊሽ ሁክ ሄደች፤ ቤቱ ላይ የሚሸጥ የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ጎረቤቶቹ የሚያውቁት ነገር የለም።

በዓመቱ ተመረቀች። አሁን የስልክ ማዕከል ውስጥ ትሠራለች። ሥራውን ስትጠይቅ በሞላችው ቅጽ ላይ ዘር የሚል አራት ሳጥን ነበረበት። ስለዚያ ሳጥን አርባ ገጽ የጻፈች ልጅ ክልስ በሚለው ላይ ምልክት አድርጋ ማለፍ ብቻ ነው የቻለችው። የሐሙሱን ነገር ግን መምህሯ ብትለምናትም መመረቂያው ውስጥ አላስገባችውም። ማ ዶሊ ከቤት መውጣት ትተዋል። ሐኪሙ ክረምቱን ይሻገራሉ ብሎ አያስብም።

ስለዚህ ሜርሊን እናንተን ትለምናለች። ሲልቪያ የምትባል፣ ሰባ ዓመት የተጠጋች፣ ዓይኗ የደከመ፣ በአገጯ ቀኝ በኩል ትንሽ ጥቁር ነጥብ ያላት ሴት የምታውቁ ካላችሁ፣ ዶሊ ሰላም ብላሻለች በሏት። ብቻዋን ስትሆን ንገሯት። የልጅ ልጆቿ አብረዋት ካሉ ግን እባካችሁ እንደማታውቋት ሆናችሁ እለፉ።